አንዱ ይራመዳል፣ ሁለቱ ይፈታሉ፦ ከሄሊኬዝ ጋር የምሠራው ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ስለ ሄሊኬዝ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጻፈው ይመሳሰላል። የዲኤንኤን ሁለት ክሮች የሚለያይ ኢንዛይም ነው፣ ለሥራው የሴሉን የጉልበት ሞለኪውል ኤቲፒን ይጠቀማል፣ አለቀ። ሥዕሉም ያው ነው። አንድ ሦስት ማዕዘን ክሮቹ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ተሰክቶ ወደፊት ይገፋል። ይህ ሥዕል ግን ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያሳየው። በክር ላይ መራመድ አንድ ሥራ ነው። ድርብ ክርን መፍታት ሌላ ሥራ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር እንደሚችል የሙያው ሰዎች ከጻፉ ቆይተዋል፣ እኔ ደግሞ በራሴ እጅ ባዘጋጀሁት ፕሮቲን ማየት ፈለግሁ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እየሠራሁ ስለሆነ ነገሩ እንደመጣ ነው የሚቀመጠው።

የመረጥኩት ዩቪአርዲ የሚባለውን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ሄሊኬዝ ነው። 720 አሚኖ አሲዶች አሉት፣ ክብደቱ ወደ 82 ኪሎዳልተን ነው፣ በብዛት ለማምረት አያስቸግርም። በባክቴሪያው ውስጥ የያዘው ሥራ ግን ትልቅ ነው። ዲኤንኤ ሲቀዳ በስህተት የገባ ቤዝ (የክሩ አንድ ፊደል) ሲታረም ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር የተጎዳ ቁራጭ ተቆርጦ ሲወጣ፣ የተቆረጠውን ክር ከጓደኛው አላቅቆ የሚያወጣው እሱ ነው። ዲኤንኤን በአንድ ወጥ ሙቀት ለማባዛት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ዘዴም ክሮቹን የሚለያየው እንደ ፒሲአር በማፍላት ሳይሆን በዚሁ በዩቪአርዲ ነበር።

ሌላው ምክንያቴ የተከማቸው እውቀት ነው። የመጀመሪያው ሄሊኬዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ሃይደልበርግ ከኢ. ኮላይ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ይህ ባክቴሪያ የሄሊኬዝ ትምህርት ቤት ሆኖ ቆይቷል። በተለይ በሴንት ሉዊስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቲሞቲ ሎማን ቡድን ዩቪአርዲን ፍጥነቱን፣ እርምጃውን፣ ከስንት ጓደኛ ጋር እንደሚሠራ ሁሉ ለክቶታል። ስለዚህ የማገኘውን ቁጥር የማወዳድርበት ነገር አለኝ። ለጀማሪ ሥራ ይህ ወርቅ ነው።

ሐሙስ ማታ

ፕሮቲኑ ወጣ። አካሄዱ የተለመደው ነው። ጂኑን የያዘውን ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ለፕሮቲን ማምረቻ የሚሆን የኢ. ኮላይ ዝርያ ውስጥ አስገብቶ ማሳደግ፣ ሲደፈርስ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ጂኑን የሚያስነሳውን አይፒቲጂ መጨመር፣ ማሳደር፣ ሴሎቹን መሰባበር፣ ከዚያ ፈሳሹን በኒኬል ኮለም፣ ፕሮቲኑን ነጥሎ በሚይዝ ማጣሪያ ቱቦ፣ ማሳለፍ። በመጨረሻ የሂስቲዲን ጭራ ያለው ፕሮቲን ከኒኬሉ ላይ ይለቀቃል።

ከኒኬል በኋላ ሄፓሪን ኮለም ጨመርኩ። ሄፓሪን እንደ ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ሞለኪውል ስለሆነ ዲኤንኤ የሚይዙ ፕሮቲኖች ይጣበቁበታል፣ ጨውን ቀስ በቀስ ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ይለቁታል። በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምፈራው ኑክሊዬዝ ነው። ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ቅንጣት እንኳ ከገባ ክሩን ይቆርጠዋል፣ ብርሃኑ ይለወጣል፣ እናንተም ሄሊኬዙ ፈታ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ባለቀለም ነጠላ ክር ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ አሳድሬ ጄል ላይ አየሁት። ክሩ ሙሉ ነው፣ ከሥር ምንም ቁርጥራጭ የለም።

ማስቀመጫ ባፈሩ (ፒኤቹን የሚጠብቀው ፈሳሽ) ውስጥ ብዙ ግሊሰሮል አለ። ዩቪአርዲ ጨው ሲያንስበት ተሰባስቦ መዝቀጥ ይወዳል፣ ግሊሰሮሉ እንዲረጋጋ ያደርገዋል። መለኪያ ባፈሩም ለዚሁ 20 በመቶ ግሊሰሮል አለው፣ ጨው 20 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 8.3። የሎማን ቡድን የሚሠራበት ባፈር ነው፣ ሆን ብዬ አልቀየርኩትም። ቁጥር ለማወዳደር ባፈሩም አንድ መሆን አለበት።

ከዋናው ጎን አንድ ሌላ ፕሮቲንም አዘጋጅቻለሁ። 35ኛው አሚኖ አሲድ ላይሲን የነበረው ወደ ሜታዮኒን የተቀየረበት ዩቪአርዲ። ይህች ላይሲን ዎከር ኤ በሚባለው ክፍል ውስጥ ናት፣ የኤቲፒን ፎስፌት የምትይዘው እሷ ናት። እሷ ስትጠፋ ፕሮቲኑ ዲኤንኤ ይይዛል፣ ኤቲፒን ግን መሰንጠቅ ያቅተዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ፕሮቲን በተራ ኢ. ኮላይ ውስጥ ካመረታችሁት የባክቴሪያው የራሱ ጤነኛ ዩቪአርዲ አብሮ ሊመጣ ይችላል፣ ትንሽ ብትሆንም ውጤቱን ታበላሻለች። ስለዚህ የራሱ ዩቪአርዲ ጂን የተወገደለት ዝርያ ውስጥ ነው ያመረትኩት።

ዓርብ

ወደ ዋናው ሙከራ ከመግባቴ በፊት ሞተሩ መነሳቱን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ኤቲፒ ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ኤዲፒ በሁለት ሌሎች ኢንዛይሞች በኩል ከኤንኤዲኤች ጋር አገናኝቶ ማየት የቆየና የታመነ ዘዴ ነው። አንድ ኤቲፒ በተሰነጠቀ ቁጥር አንድ ኤንኤዲኤች ይጠፋል፣ በ340 ናኖሜትር ላይ ያለው የብርሃን መዋጥም ይወርዳል።

ዩቪአርዲ ብቻውን ሲሆን መስመሩ አግድም ሄደ ማለት ይቻላል። ቲ የተባለው ቤዝ ብቻ ያለበት ነጠላ ክር ስጨምርበት ግን መስመሩ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ፕሮቲኑ ኤቲፒ በዙሪያው ሞልቶ ሳለ ዝም ብሎ አያባክንም፣ ክር እስኪይዝ ይጠብቃል። ላይሲኗ የጠፋችበት ፕሮቲን በሁለቱም ሁኔታ አግድም ነው የቀረው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ዛሬ ላብራቶሪ አልገባሁም፣ የክሪስታል አወቃቀሮችን ሳይ ዋልኩ። በዚህ ዘርፍ በር የከፈተው የዴል ዊግሊ ቡድን ነው። የዩቪአርዲ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ፒሲአርኤ የተባለ ሄሊኬዝ አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1996 አወጡ፣ በ1999 ደግሞ ዲኤንኤ ይዞ እያለ አሳዩት። የዩቪአርዲን ራሱን ከዲኤንኤ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ዌይ ያንግና ባልደረባዋ ናቸው።

ሞተሩ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ናቸው፣ 1ኤ እና 2ኤ ይባላሉ። ኤቲፒ የሚቀመጠው በሁለቱ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሁለቱም ነጠላውን ክር ይይዛሉ፣ ግን እኩል አጥብቀው አይደለም። ኤቲፒ ሲገባ ስንጥቁ ይጠብና ሁለቱ ይቀራረባሉ። ኤቲፒው ተሰንጥቆ ሲወጣ ይራራቃሉ። ገመድ የሚወጣ ሰውን አስቡት። አንዱ እጅ ሲጨብጥ ሌላው ይለቅና ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ተራው ይቀየራል። እዚህም የሚጨብጠውና የሚለቀው ክፍል በኤቲፒው ሁኔታ ይፈራረቃል፣ ስለዚህ መቀራረብና መራራቁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ጉዞ ይሆናል። በአንድ ኤቲፒ አንድ ቤዝ። ይህን ሂሳብ በፒሲአርኤ ላይ ዲሊንግሃም፣ ዊግሊና ዌብ እ.ኤ.አ. በ2000 ለክተውታል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 80 ቤዝ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ መራመድ ነው። ሁለተኛውን ክር አንዴም አላነሳሁትም። ሞተሩ የሚያውቀው አንድ ክር ብቻ ነው። የጉልበት እጥረትም የለም፣ በሴል ውስጥ አንድ ኤቲፒ ሲሰነጠቅ የሚገኘው ጉልበት አንድ የቤዝ ጥንድ ለመክፈት ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ የሚራመድ ሁሉ ለምን አይፈታም? ወደ ሙከራው።

ማክሰኞ

የመራመድ ሙከራ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነጠላ ክር እንወስዳለን፣ ቤዙ ሁሉ ቲ የሆነ፣ ስለዚህ ራሱ ላይ አይታጠፍም። የክር ሁለት ጫፎች 5 ፕራይምና 3 ፕራይም ይባላሉ። በ5 ፕራይም ጫፉ ላይ ሳይ3 የተባለ ቀለም አለ። ዩቪአርዲ ከ3 ፕራይም ወደ 5 ፕራይም ነው የሚሄደው። ሳይ3 ጋ ሲደርስ የቀለሙ ብርሃን ይጨምራል፣ ከክሩ ሲወርድ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ የምንጠብቀው ከፍ ብሎ የሚወርድ ጉብታ ነው።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። በታተሙት ቁጥሮች ዩቪአርዲ በ25 ዲግሪ በሰከንድ ወደ 190 ቤዝ ይሄዳል። 54 ቤዝ ያለውን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጨረስ ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ በታች ይበቃዋል ማለት ነው። 124 ቤዝ ያለው ክር እንኳ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። በፒፔት ቀላቅዬ ማሽን ውስጥ እስካስገባ ድራማው አልቋል። ስቶፕድ ፍሎው የግድ ነው፣ ሁለት ፈሳሾችን በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ቀላቅሎ ወዲያው ማንበብ የሚጀምር መሣሪያ። ጎረቤት ላብራቶሪ አለ፣ ለምኜ ተራ አገኘሁ።

በአንዱ ሲሪንጅ ዩቪአርዲና ክሩ አብረው፣ በሌላው ኤቲፒ፣ ማግኒዢየምና ብዙ ሄፓሪን። ሄፓሪኑ እዚህ ወጥመድ ነው። ከክሩ የወረደ ፕሮቲን ሄፓሪን ላይ ይቀራል፣ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ የማየው መጀመሪያውኑ ክር ላይ የነበረውን ብቻ ነው፣ ያውም የአንድ ጊዜ ጉዞውን። ያለዚህ ወጥመድ የተሠራን ሙከራ ለዚህ ጥያቄ አላምነውም። ፕሮቲኑን ከክሩ በጣም ያነሰ ነው ያደረግሁት፣ በአንድ ክር ላይ ሁለት የመገናኘታቸው ዕድል ጠባብ እንዲሆን።

ጉብታው መጣ፣ ጥርት ብሎ። ክሩን ሳረዝመው የጉብታው አናት ወደ ቀኝ ሄደ፣ ባረዘምኩት ልክ። ቀለሙን ወደ 3 ፕራይም ጫፍ ሳዛውረው ጉብታው ጠፋና ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ የሚወርድ መስመር ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ጫፍ እየሸሹ ስለሆነ። በኤቲፒ ፋንታ የማይሰነጠቀውን ኤኤምፒፒኤንፒ ስሰጠው ምንም ጉዞ የለም። ላይሲን የሌለው ፕሮቲንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

በዚህ መልኩ አንድ ዩቪአርዲ ብቻውን፣ ያለ ማንም ረዳት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በፍጥነት ይራመዳል።

ረቡዕ

አሁን ያንኑ ፕሮቲን፣ ከያው ቱቦ፣ በያው ባፈር፣ ድርብ ክር ላይ።

18 የቤዝ ጥንድ ያለው ድርብ ክር፣ ከአንዱ ጎን 40 ቤዝ ርዝመት ያለው የ3 ፕራይም ነጠላ ጭራ የወጣለት። ፕሮቲኑ የሚሳፈረው ጭራው ላይ ነው። በሌላኛው፣ ጭራ በሌለው ጫፍ ላይ በአንዱ ክር ሳይ3፣ በሌላው ክር ብርሃኑን የሚያፍን ኳንቸር አለ። ክሮቹ አብረው እስካሉ ጨለማ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲለያዩ ይበራል። ግማሽ መንገድ የተፈታ አይቆጠርም፣ ፕሮቲኑ ከወደቀ ክሮቹ ተመልሰው ይገጥማሉ።

እንደ ትናንቱ ፕሮቲኑን ከዲኤንኤው አሳንሼ ጀመርኩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ። ትናንት እንደዚያ ሲሮጥ የነበረ ኢንዛይም 18 የቤዝ ጥንድ ፊት ቆመ። ኤቲፒውም ማግኒዢየሙም ያው ናቸው።

ከዚያ ፕሮቲኑን ደረጃ በደረጃ ጨመርኩ። ከዲኤንኤው እኩል ሲሆን ትንሽ ብርሃን። ሲበልጥ ብርሃኑ ዘለለ። መስመሩም ወዲያው አይነሳም፣ መጀመሪያ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ይወጣል። ድርቡን ሳረዝመው መዘግየቱም ረዘመ። ይህ መዘግየት ብዙ ይነግረናል። ክሩ በአንድ ምት ቢከፈት ኖሮ መዘግየት አይኖርም ነበር። በተከታታይ እርምጃዎች ስለሚከፈት ነው የመጨረሻዋ እርምጃ እስክትደርስ የምንጠብቀው። አሊና ሎማን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ መዘግየት ተጠቅመው አንዱን እርምጃ ከ4 እስከ 5 የቤዝ ጥንድ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ ወደ 70 የቤዝ ጥንድ አስልተውታል። አወቃቀሩ በአንድ ኤቲፒ አንድ ቤዝ ይላል፣ ይህኛው መለኪያ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ቤዝ ካለፈ በኋላ አንድ ቀርፋፋ ነገር እንደሚመጣ ይናገራል። ሁለቱ አይጣሉም፣ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው።

ጭራውን አንድ ፕሮቲን ብቻ እንዲበቃው አድርጌ ሳሳጥረው ፕሮቲኑን የፈለግሁትን ያህል ብጨምር ብርሃን አላገኘሁም። የ3 ፕራይሙን ጭራ በ5 ፕራይም ስተካውም እንዲሁ። ጭራው ላይ ሁለት መሳፈር አለባቸው። ማሉፍ፣ ፊሸርና ሎማን እ.ኤ.አ. በ2003 በቱቦ ውስጥ የሚፈታው ዩቪአርዲ ጥንድ ነው ብለው የደመደሙትም በዚሁ መንገድ ነው። ወረቀቱን ሳነብ አምኜው ነበር፣ ግን መስመሩ ዓይኔ ፊት ቀጥ ብሎ ሲቀር ሌላ ነው።

ረቡዕ ሌሊት፣ ተጨማሪ

አንድ ወንድሜ ላብራቶሪያችን ውስጥ አዲስ የገባ፣ ግራፉን አይቶ “እሺ፣ አንዱ ሞተር ካልቻለ ሁለተኛው ከኋላ እየገፋው ነዋ?” አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያስበውም ይህንኑ ነው። ግን መረጃው ወደ ሌላ በኩል ይጎትታል።

ዩቪአርዲ ከሁለቱ የሞተር ክፍሎች ሌላ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች አሉት። ከነሱ አንዱ 2ቢ ይባላል፣ በማጠፊያ ላይ እንዳለ ሆኖ በጣም ይዞራል። አንድ ጊዜ ክፍት፣ አንድ ጊዜ ዝግ አቀማመጥ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የያን ኬምላና የቴክጂፕ ሃ ቡድኖች አንዷን የዲኤንኤ ሞለኪውል በሌዘር ወጥረው ይዘው፣ በዚያው ቅጽበት የ2ቢን አቀማመጥ በብርሃን እያዩ ለኩ። 2ቢ ሲዘጋ ዩቪአርዲ ክሩን ይፈታል። ሲከፈት ወደ ሌላኛው ክር ይሻገርና ክሮቹ ከኋላው እየገጠሙ ይመለሳል። ነጠላው ዩቪአርዲም መሞከሩ አይቀርም፣ ጥቂት የቤዝ ጥንዶች ይከፍታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይከፍታል፣ ሩቅ ግን አይደርስም። የኔ ሙከራ ሙሉ በሙሉ የተለያየውን ብቻ ስለሚቆጥር ይህን መንፈራገጥ አያየውም።

የበለጠ የሚገርመው በሬፕ ላይ የተሠራው ነው፣ ሬፕ ሌላው የኢ. ኮላይ ሄሊኬዝና የዩቪአርዲ ዘመድ ነው። እሱም ብቻውን ሲሆን ይራመዳል እንጂ አይፈታም። 2ቢን ከነጭራሹ ቆርጠው ሲያወጡለት ብቻውን መፍታት ቻለ። የቴክጂፕ ሃ ቡድን ደግሞ እዚያው በ2015 2ቢን በኬሚካል ማሰሪያ ዝግ አድርጎ ቆለፈው፣ አንዱ ሬፕ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር የቤዝ ጥንድ ፈታ። ሞተሩ ያው ነው፣ አንድም ፈረስ ጉልበት አልተጨመረለትም። የተቀየረው ማብሪያ ማጥፊያው ነው።

እኔ እዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ዩቪአርዲ መፍታት አቅቶት ሳይሆን ተከልክሎ ነው። ባክቴሪያው ውስጥ ነጠላ ክር ባገኘ ቁጥር ፊቱ ያለውን ድርብ ሁሉ እየተረተረ የሚሄድ ሞተር ጂኖሙን ያተራምሰው ነበር። ስለዚህ ልጓም አለው፣ ልጓሙን የሚያላላው ደግሞ ሌላ ዩቪአርዲ ወይም ጥገናው ቦታ ላይ የሚጠብቀው አጋር ፕሮቲን ነው። ከአጋሮቹ አንዱ ሚዩትኤል ነው፣ የተሳሳተ ቤዝ በሚታረምበት ቦታ የሚገኝ። ነጠላውን ዩቪአርዲ እንደሚያነቃቃው ታይቷል። በመጀመሪያው ቀን ያነሳሁት የ2004ቱ ዲኤንኤ ማባዣም ሚዩትኤልን ይዞ ነበር የወጣው።

መራመድ ብቻውንም ዋጋ ቢስ አይደለም። ዲኤንኤ በናኖፖር፣ በጣም ጥቃቅን በሆነ ቀዳዳ፣ ሲነበብ ክሩ በቀዳዳው ውስጥ በራሱ ከሄደ ከንባብ በላይ ይፈጥናል። ኦክስፎርድ ናኖፖር የተባለው ኩባንያ የሚጠቀመው የሄሊኬዝ ሞተር ነው፣ ክሩን ቤዝ በቤዝ እያሳለፈ በሰከንድ ወደ 400 ቤዝ ገደማ ያስተካክለዋል።

ዓርብ

ከአርኤንኤ በኩል አንድ ትንሽ ሙከራ ጨምሬያለሁ። ጎረቤቶቻችን ዴድ1 የሚባል የእርሾ ፕሮቲን አላቸው፣ ትንሽ ሰጡኝ። ዴድ1 ዲኢኤዲ ቦክስ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ነው፣ አርኤንኤ ላይ የሚሠሩ አብዛኞቹ ሄሊኬዞች ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

13 የቤዝ ጥንድ ያለው የአርኤንኤ ድርብ ክር ወሰድኩ። አንዱ ጭራው በ3 ፕራይም በኩል፣ አንዱ በ5 ፕራይም በኩል። ሁለቱም ተፈቱ። ድርቡን ሳረዝመው ግን ሥራው በፍጥነት ደከመ። ለሚራመድ ሞተር ይህ አይገጥምም፣ አቅጣጫ ያለው ሞተር በጭራው አቀማመጥ ይለያያል። ዴድ1 አይራመድም። ድርቡ ላይ ራሱ ይቀመጥና አንዱን ክር ያጎብጠዋል፣ ጥቂት ጥንዶች ይላቀቃሉ፣ ድርቡ አጭር ከሆነ የቀረው በራሱ ይፈርሳል። የኤካርድ ያንኮውስኪ ቡድን እንዳሳየው፣ ለመክፈቱ የኤቲፒው መያያዝ ይበቃል፣ መሰንጠቁ የሚያስፈልገው ፕሮቲኑ ለቆ ለሚቀጥለው ሥራ እንዲዘጋጅ ነው።

ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ነጠላው ዩቪአርዲ ይራመዳል፣ አይፈታም። ዴድ1 ይፈታል፣ አይራመድም። ሁለቱም ሄሊኬዝ ይባላሉ፣ ሁለቱም ያንኑ ሁለት የሞተር ክፍል ይዘዋል፣ መካከላቸው ኤቲፒ የሚቀመጥበት ያው ስንጥቅ አለ።

ሰኞ

ሚዩትኤልን ለማምረት ሴሎቹ እያደጉ ነው። ዕቅዱ የረቡዕን ሙከራ መድገም ነው፣ ፕሮቲኑ ከዲኤንኤው ያነሰበትን፣ መስመሩ ቀጥ ያለበትን። በዚያው ላይ ሚዩትኤል ይጨመራል። ብርሃን ከመጣ ሁለት ማረጋገጫ ያስፈልገኛል። አንደኛው ሚዩትኤል ብቻውን፣ ያለ ዩቪአርዲ። ሁለተኛው ሚዩትኤል ከላይሲን አልባው ዩቪአርዲ ጋር፣ ምክንያቱም ሚዩትኤል ራሱ ኤቲፒ ይሰነጥቃል፣ ከየትኛው ሞተር እንደመጣ መለየት አለብኝ። የመራመድ ሙከራውንም ከሚዩትኤል ጋር እደግመዋለሁ፣ ፍጥነቱ ላይ ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ ለማየት። ስቶፕድ ፍሎው ላይ ተራዬን አስመዝግቤያለሁ፣ አዲሶቹ ባለቀለም ክሮችም ታዝዘዋል።